ከምድጃ ዳር ተረት እስከ ተሸጠ ሥዕል፦ በሰሜን ሸዋ ተረትና አፈ ታሪክ ለሚሥል ሠዓሊ

ጭራቅን፣ ዘንዶን፣ ዛርን፣ አያ ጅቦንና ስንዝሮን የማያውቅ ሰው የለም፤ ፎቶ ያነሣቸው ግን የለም። የተረት ሠዓሊ እንጀራውን የሚያገኘው እዚህ መሀል ነው። ሥራው ለሕፃናት መጽሐፍ፣ ለልብ ወለድ ሽፋን፣ ለአኒሜሽንና ለጌም ገጸ ባሕርያት፣ ለሎጅና ለካፌ ግድግዳ፣ ለፖስት ካርድና ለቀን መቁጠሪያ ይፈለጋል። ይህ መመሪያ ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር፣ ቡልጋ ወይም ደብረ ሲና ተቀምጦ ሥራውን ሊይዝ ለሚፈልግ ነው። እጁ እርሳስ ለምዷል፣ ከየት እንደሚነሣ ግን ጨንቆታል እንበል።

ከተለመደው ስህተት እንነሣ። ጀማሪ ሠዓሊ “ዘንዶ ሣል” ሲባል የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የፍየል ቀንድና እሳት የሚተፋ አፍ ያወጣለታል። ይህ ከውጭ ፊልም የመጣ ዘንዶ ነው። በአክሱም ወገን የሚተረከው አርዌ መንግሥት የተቀመጠበት እባብ ነው፤ ሕዝቡ ልጃገረድና ከብት ይገብርለታል፤ በአንዱ አተራረክ የሞተውም መርዝ የበላች ፍየል ውጦ ነው። እንግዲህ የሥዕሉ ጉዳይ ክንፉ ሳይሆን ሆዱ ነው፤ ከፊቱ የቆመችው ፍየልም ከዘንዶው ያላነሰ ቦታ ይገባታል። መልኩን ተረቱ ራሱ ይናገራል፤ የሠዓሊው ድርሻ መጀመሪያ መስማት ነው።

ተረቱን መሰብሰብ

አንድ ሥዕል ከመጀመራችሁ በፊት ያንኑ ተረት ቢያንስ ከ3 ሰው ስሙ፤ ቢቻል ከተለያየ መንደር፦ አንዱን ከደጋው፣ ከመንዝ ወይም ከጠራ፣ ሌላውን ከወይና ደጋው፣ ሦስተኛውን ወደ ይፋት ቆላ ወረድ ብላችሁ። ሦስቱም የሚስማሙበት ነገር የተረቱ አጥንት ነው፤ እሱን አትነኩም። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ደግሞ የመምረጥ ነፃነት አላችሁ።

የምትሄዱበትን ሰዓት ምረጡ። ቀን ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ያወራችሁም በጥድፊያ ነው። ማታ ከብቱ ከገባ፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ “ተረት ተረት” ሲባል “የመሠረት” የሚል አይጠፋም። ልጆች ካሉ አታስወጧቸው፤ ተራኪ ያለ ልጅ አንገቱን አይሰብርም፣ ድምፁን አይለውጥም፣ እጁን አያወናጭፍም። ያ እንቅስቃሴ ለእናንተ ከቃሉ እኩል ዋጋ አለው። ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ ወግ ነው፤ ብር ቆጥሮ መስጠት ግን ተረቱን ወደ ምርመራ ይለውጠዋል፤ ያላወቁትንም ፈጥረው እንዲነግሯችሁ ያደርጋል።

አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ እንዲህ ይጀምራል፦

“እማማ፣ እንደምን አመሹ? የድሮ ተረት ያውቃሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት።”

“እኔ ምን አውቄ ልጄ። ተረቱን ሁሉ ቴሌቪዥኑ በላው።”

ይህ እንቢታ አይደለም፤ ትሕትና ነው። ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። መፍትሔው ራሳችሁ አንድ ተረት መጀመርና መሀሉን ማሳሳት ነው። “ጅቡ ከዚያ በኋላ በሩን አንኳኳ” በሉ፤ “ኧረ ወዲያ! ጅብ ያንኳኳል እንዴ? በጓሮ ዞረ እንጂ” ይሏችኋል። ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ብቻ ነው።

“ምን ይመስላል?” ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን የተጠየቀ ሰው ቸግሮት በቴሌቪዥን ያየውን ይነግራችኋል። ይልቅ የት እንደሚያድር፣ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚሰማ፣ ውሻው ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይነካ፣ በእግሩ ይሁን በደረቱ እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየውና ለማን እንደማይታይ ጠይቁ። ከእነዚህ መልሶች ውስጥ መልኩ ራሱ ይወጣል።

ስልካችሁን ፈቃድ ጠይቃችሁ ክፈቱት። በረራ ሁነታ ላይ አድርጉትና ከተራኪዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት። መደብ ወይም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የሙቀጫውን ምት ሁሉ ይቀዳና ድምፁ አይለይም። ፋይሉን ዕለቱን በመንደር፣ በቀንና በተረቱ ስም ሰይሙት፤ “ቅጂ 14” የሚባል ፋይል ከ6 ወር በኋላ የማንም አይደለም።

ወረቀት ላይ ስትገለብጡት ቃሉን አታስተካክሉ። ከዚያ ሁለት እስክሪብቶ ያዙ፦ በቀዩ ግሶችን፣ በሰማያዊው ዕቃዎችን አስምሩ። “አስፈሪ”፣ “ትልቅ”፣ “ክፉ” የሚሉትን እለፏቸው፤ አስፈሪነት አይሣልም። “ተጠቅልሎ ተኛ”፣ “እያነከሰ ወጣ”፣ “አንገቱን ብቻ ብቅ አደረገ” ግን ይሣላል። ጥሩ ተራኪ በአንድ ተረት ውስጥ 10 እና 15 እንዲህ ያለ ግስ ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ አንድ አቋም ነው።

ስለ ቡዳ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰው ወደ ጅብ ተለወጠ የሚለው ወሬ ለሠዓሊ ምራቅ የሚያስውጥ ነው። ነገር ግን ይህ ወሬ ቀጥቃጮችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ሸማኔዎችን ከማኅበር ሲያስገልል የኖረ፣ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚጎዳ ነው። ተለዋጩን ፍጡር ከሣላችሁ መዶሻ፣ ወናፍ ወይም የሸክላ ጭቃ አጠገቡ አታድርጉ፤ የምትታወቅ መንደርም አታስመስሉ። ይህን ያላሰበ ሽፋን መጽሐፉ ገበያ ከወጣ በኋላ የሚያመጣው ጣጣ በይቅርታ አይመለስም።

ዓይንን ማለማመድ

የሌለ ፍጡር የሚታመነው ካለ እንስሳ ሲሠራ ነው። በዚህ ሰሜን ሸዋ ዕድለኛ ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ ኅብረተሰቡ ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሕግ የጠበቀው ሜዳ ነው፤ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅብራው እዚያ አለ። ወፍ ዋሻ ደግሞ በደብረ ሲናና በአንኮበር መሀል የጽድና የዝግባ ጥላ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ ተራራው ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ እየተደራረበ ሲወርድ እያንዳንዱ እጥፋት ከፊተኛው ይልቅ ይገረጣል፣ ይሰማያል። ርቀት በሥዕል ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር ይህን ያህል የሚያስረዳ መምህር የለም። ጉም ሲነሣ በ3 የጥላ ደረጃ ብቻ (ጥቁር፣ መሀል፣ ነጭ) 10 ትንንሽ ንድፍ ሥሩ።

ለሜዳ ሥራ ኤ5 የንድፍ ደብተር፣ 2ቢና 4ቢ እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ይበቃል። በጠዋት ብርድ እስክሪብቶ ያስቸግራል፤ እርሳስ አይከዳም። ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። እንስሳ ቆሞ አይጠብቅምና ሥራውን በሦስት ጊዜ ክፈሉት፦ 30 ሰከንድ ለአቋሙ መስመር፣ 2 ደቂቃ ለአካሉ ክብደት፣ 10 ደቂቃ ለተቀመጠ ወይም ለተኛ። ጭላዳ ሣር እየነጨ ረጅም ጊዜ ስለሚቀመጥ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የወንዱን ጋማና ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ገላ ለብቻ አጥኑ።

ጅቡን ጠለቅ ብለን እንየው፤ በተረታችን ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚዞር የለምና። አብዛኛው ሰው የሚሥለው ጅብ ቆዳው የተለወጠ ውሻ ነው። ጅብ ግን የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባው ከትከሻ ወደ ጭራ ያዘቀዝቃል። አንገቱ ወፍራምና ረጅም ነው፤ ውፍረቱ ከጭንቅላቱ ጋር ሊመሳሰል ምንም አይቀረው። ጆሮው ክብ ነው። በእያንዳንዱ እግሩ 4 ጣት አለው፤ ጥፍሩ እንደ ድመት አይሸሸግም። በዚህ አካል ላይ የሰው ወግ ስትጨምሩበት አያ ጅቦ ይወለዳል። “ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ” የሚለውን ተረትና ምሳሌ ሥዕል አድርጉት፦ የሚያዘቀዝቀው ጀርባ እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? የፊት እግሮቹ ረጅም ስለሆኑ ክንዱን ጉልበቱ ላይ ሊያሳርፍ አይመቸውም፤ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይቀመጣል። ኩራቱ ከአጥንቱ መጣ ማለት ነው። ፊቱ ላይ ፈገግታ መጨመር አያስፈልግም።

ለሚበር ፍጡር ጢማሙን አሞራ ተመልከቱ፤ አጥንት ከሰማይ ወደ ዓለት ጥሎ እየሰበረ መቅኑን የሚበላው ነው። ክንፉ ተዘርግቶ ከ2.3 ሜትር በላይ ነው፤ ጭራው ሾጣጣ ነው። ሰውን የሚያክል አካል የሚሸከም ክንፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ መሆን ስላለበት ትከሻ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ክንፍ ውሸቱ ወዲያው ይታያል።

ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከክታብ የሚገኝ ትምህርት

አንባቢያችን ያደገው በግድግዳ ሥዕል ነው፤ ሳያውቀውም ሥርዓቱን ያነባል። በጥንቱ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ታላቅ ሰው በአካልም ይተልቃል። የመስመሩ ዳር ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፣ ቀለሙ ሰፋፊ ነው፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። ይህን ማወቅ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ለመጠቀምም፣ ሳያውቁ ላለመሳሳትም። ደግ ጀግናችሁን ፍጹም በጎን ከሣላችሁት አንዲት የመንዝ እናት “ይሄ ምን አደረገ?” ብትል አትገረሙ።

የብራና ክታብ ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። በላዩ ላይ የሚያፈጡ ዓይኖች፣ የኮከብ ቅርጾች፣ መረብ የሚመስሉ ሐረጎች አሉ፤ ጽሑፉ በጥቁርና በቀይ ነው። ሕፃናትን ታጠፋለች የምትባለው ወርዝልያና በፈረስ ሆኖ በጦር የሚወጋት ቅዱስ ሱስንዮስ በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄዶ ግማሽ ቀን ቆሞ መሣል ከ100 የኢንተርኔት ምስል ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትሥሉ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፍላሽ አትጠቀሙ።

ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ቅርጹን መውሰድ ይቻላል፤ ጸሎቱን ግን አትገልብጡ። የክታብ ግእዝ የአምላክ ስሞች ያሉበት ስለሆነ የጌም ጭራቅ ደረት ላይ ንቅሳት አድርጎ መጻፍ ሰውን በትክክል ያስቆጣል። ቅዱሳንም እንዲሁ። በቡልጋ ኢቲሳ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ6 ክንፍ መሣላቸው ለዓይን እጅግ ማራኪ ነው፤ ክንፉ እንዴት እንደተደረደረ አጥኑ፣ ጻድቁን ግን የጀብዱ ገጸ ባሕርይ አታድርጓቸው።

አንድ ሥዕል ከመነሻ እስከ ፍጻሜ

የምንሠራው የዛርን አመጣጥ የሚናገረውን ተረት ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ 15ቱን፣ መልከ መልካሞቹን፣ ደበቀቻቸው። እንደተደበቁም ቀሩ፤ ለዓይን የማይታዩ ሆኑ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዛርን ቀንድና ጥፍር አውጥቶ የሚሥል ሰው ተረቱን አልሰማም፤ የተደበቁት ቆንጆዎቹ ናቸው።

መጀመሪያ ሥዕሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ከተደበቁት አንዷ ምሽት ላይ ጓሳ ሜዳ ቆማ እረኛ ወንድሟን ታየዋለች፤ እሱ አያያትም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልገባ ሐሳብ በአንድ ወረቀት ላይም አይገባም።

ቀጥሎ የማትታይን ልጅ እንዴት እናሳያለን? ብዙ ሰው እንደ ብርጭቆ አሳልፋ የምታሳይ አድርጎ በስተኋላዋ ያለው ሣር እንዲታይ ያደርጋል። ርካሽ መፍትሔ ነው፤ መንፈስ እንጂ እኅት አትመስልም። የተሻለው በዙሪያዋ ያለውን መጠቀም ነው። ከእግሯ ሥር ሣሩ ተኝቷል፤ ጥላ ግን አልጣለችም። በጎቹ ሁሉ ቀና ብለው ወደ እሷ ያያሉ፤ እረኛው ብቻ ወደ ሌላ ዞሯል። ልብሷን ገሳ አድርጉት። ገሳ መንዝ ውስጥ ከጓሳ ሣር የሚሠራ የዝናብ መከላከያ ነው፤ እሷ ስትለብሰው ከሜዳው ጋር ትመሳሰላለች፣ መደበቋም ከአገሩ ዕቃ ይመጣል። ለእረኛው በርኖስ ወይም ባና። በጎቹ የመንዝ በጎች ናቸው፦ ትንንሽ፣ ጠጉራም፣ ጭራቸው አጭርና ስብ ያለው። ረጅም እግር ያለው ነጭ በግ ከሣላችሁ አገሩ ጠፋ።

ፊቶቹን ስትወስኑ ያንን የዓይን ሥርዓት አስታውሱ። ልጅቱ ሁለት ዓይኗ ይታይ። እረኛውን ሙሉ በሙሉ በጎን አታድርጉት፤ ክፉ ይመስላል። ሦስት አራተኛ ዞር ይበል፣ የሩቁ ዓይን ሽፋሽፍት ብትታይ ትበቃለች።

አሁን ወደ ወረቀት። 12 ትንንሽ ንድፍ ሥሩ፤ እያንዳንዱ 7 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ። መጠኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም። የመጨረሻው ወረቀት ኤ3 ነው፣ 42 በ29.7 ሴንቲ ሜትር፤ የጎኖቹ ንጽጽር ከ7 በ5 ጋር ይቀራረባል። ካሬ ሣጥን ውስጥ ንድፍ ሠርቶ ኤ3 ላይ የሚያሰፋ ሰው ከግራና ከቀኝ ባዶ ሜዳ ይተርፈውና የማያስፈልግ ዛፍ ይጨምርበታል። ከ12ቱ 3 ምረጡና ተረቱን ላልነገራችሁት ሰው አሳዩ። “ማን ማንን ያያል?” ሲባል ወዲያው ከመለሰ አቀማመጡ ይሠራል። ካመነታ ቀለም አያድነውም፤ ወደ ንድፉ ተመለሱ።

የተመረጠውን 14 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በ3 ደረጃ ጥላ ሥሩት። ምሽት ስለሆነ ግማሽ በላዩ መሀለኛ፣ ሲሦው ጥቁር፣ ከ10 አንዱ እጅ ብቻ ብርሃን ይሁን፤ ብርሃኑ ፊቷና የገሳው ጫፍ ላይ ይረፍ። ከዚያ ንድፉን በ2 ሴንቲ ሜትር ካሬ ከፋፍሉት፤ 7 በ5 ካሬ ይወጣል። ኤ3ውን በ6 ሴንቲ ሜትር ስትከፍሉትም 7 በ5 ካሬ ይሆናል (ከታች 3 ሚሊ ሜትር ትጎድላለች፤ ተዋት)። ካሬ በካሬ ገልብጡ። መስመሩን በጣም ቀለል አድርጉ፤ የጠነከረ እርሳስ ከውሃ ቀለም ሥር አይጠፋም።

ወረቀቱ 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ይሁን። ከዚህ የሳሳ ከሆነ እርጥበት ሲነካው እንደ ቂጣ ይነፋል፤ ቀለሙም በጎድጓዳው ይጠራቀማል። ጠርዙን በሙሉ በማስኪንግ ቴፕ ጣውላ ላይ ለጥፉት። የመስመር ብዕር ከተጠቀማችሁ ቀድማችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉበትና ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃ አንጠባጥቡበት፤ “ውሃ አይነካውም” የሚል ማሸጊያ አትመኑ። መጀመሪያ መላውን ወረቀት በቀጭን ቢጫ አፈር ቀለም እጠቡት፤ ይህ የምሽቱን ሙቀት ከሁሉ ሥር ያስቀምጣል። ሲደርቅ ሰማዩንና የሩቁን ተራራ፣ እንደገና ሲደርቅ ጥላዎቹን በሰማያዊና በወይን ጠጅ ቅልቅል። ጥቁር ቀለም ከቱቦ አታውጡ፤ ምሽቱን ወደ ጥቀርሻ ይለውጠዋል። የገሳውን ሣር መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ፣ ብርሃኑን በነጭ ጉዋሽ (ሥሩን በማያሳይ ወፍራም የውሃ ቀለም)። ሣሩን አንድ በአንድ መሣል የሚጀምር ሰው አያልቅለትም፤ ከእግሯ አጠገብና ከበጎቹ አፍ ሥር ብቻ ዝርዝር ካለ ቀሪውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

ብርዱ በቀለም ላይ የሚያደርገው

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። አክሪሊክ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በትክክል አይያያዝም፦ ከላይ የደረቀ መስሎ በኋላ ይሰነጠቃል ወይም እንደ ዱቄት ይረግፋል። የግድግዳ ሥራ ከያዛችሁ ረፋድ ላይ ግድግዳው ራሱ በእጅ ሲነካ ብርዱ ከለቀቀ በኋላ ጀምሩ፤ የመጨረሻው እጅ ፀሐይ ከመጥለቋ 2 ሰዓት ቀድሞ ይለቅ። ቱቦውን ሌሊት መስኮት ሥር አታሳድሩት፤ በረዶ የሆነ አክሪሊክ ሊረጋና ላይመለስ ይችላል። የዘይት ቀለም በብርድ አይበላሽም፣ ግን መድረቁ ይዘገያል፤ ለደንበኛ ቀን ስትቀጥሩ ይህን ቁጠሩ። በክረምት የውሃ ቀለም ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። በከሰል ምድጃ አናት ላይ ሥዕል ማድረቅ የተለመደ ነው፣ ወረቀቱን ግን ያጣምመዋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከሰሉ ለሰውም አደጋ ነው።

በኮምፒውተር ለሚሠራ

ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ለጀማሪም ይበቃል። መካከለኛ መጠን ያለው የሁዮን ወይም የኤክስፒ-ፔን የሥዕል ሰሌዳ ያዙ፤ ትንሹ ሰሌዳ ሙሉ ክንድ ስለማያንቀሳቅስ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፤ ኤ3 ደግሞ 3508 በ4961። በ72 ተጀምሮ መጨረሻ ላይ የተለጠጠ ሥዕል ማተሚያ ቤት ይደበዝዛል። ለሽፋን ከሆነ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ መቁረጫው አንዳንዴ ይስታል። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ በወረቀት ላይ ይሞታል፤ ማተሚያ ቤቱን አንድ ገጽ ናሙና አስወጥታችሁ እዩ። መብራት ሳይነግር ስለሚጠፋ በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አዝዙት፤ በቀን መጨረሻ ቅጂውን ፍላሽ ላይ።

ሥራ ማግኘት፣ ዋጋና ውል

ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ለደንበኛ የምታሳዩት የሥራ ናሙና፣ ከ10 እስከ 12 ሥዕል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ደካማው ይገባል፤ ሥራ የሚያዝዛችሁ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ደካማውን ነው። ከመካከላቸው 4ቱ አንድ ገጸ ባሕርይ በተለያየ አቋምና ስሜት የሚያሳዩ ይሁኑ፤ የሕፃናት መጽሐፍ አሳታሚ የሚፈራው በገጽ 3 ያለችው ልጅ በገጽ 9 ሌላ ሰው እንዳትሆን ነው። የአንዱን ሥዕል ጉዞ ከንድፍ እስከ ፍጻሜ በአንድ ገጽ አሳዩ። የውጭ ፊልም ጀግኖችን አታስገቡ። በተረፈ መደበኛ ትምህርት ለሚፈልግ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፤ በፍቼ የተወለዱት አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ አይቀር አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸውን የመስታወት ሥዕሎች እዩ። ግዙፍ ሐሳብ በሰፊ ቀለምና በጥቁር መስመር ከሩቅ እንዴት እንደሚነበብ እዚያ ይታያል።

ዋጋ በግምት አይነገርም። ለምሳሌ በወር 24,000 ብር ያስፈልገኛል፣ ደንበኛ ማፈላለጉና ምልልሱ ተቀንሶ በወር 120 ሰዓት እሥላለሁ ያለ ሰው ሰዓቱ 200 ብር ነው። 30 ሰዓት የሚወስድ ሽፋን 6,000፣ ወረቀትና ቀለም 800፣ በድምሩ 6,800። ለማይቀረው ማስተካከያ 15 በመቶ ሲጨመር 7,820 ብር ይሆናል። ቁጥሩን በራሳችሁ ኑሮ ተኩት፤ ስሌቱ አይለወጥም። “ለዘመድ ነው፣ ትንሽ ቀንስ” ሲመጣ ዋጋውን ከመቀነስ ሥራውን ቀንሱ፦ ከሙሉ መልክዓ ምድር ይልቅ ገጸ ባሕርይው ብቻ ይሣል።

ቀብድ 40 በመቶ፣ ንድፉ ሲጸድቅ 30፣ ቀሪው ትልቁ ፋይል ከመላኩ በፊት። ማስተካከያ 2 ጊዜ፣ እሱም በንድፍ ደረጃ ብቻ። ቀለም ከተቀባ በኋላ “በጉን ወደ ግራ አድርገው” የሚል ደንበኛ እንደገና ይከፍላል፤ ይህ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጠብ ይሆናል። ሥራው ከውጭ ከሆነ ከመፈራረማችሁ በፊት ባንካችሁ ሄዳችሁ ክፍያው እንዴት እንደሚገባና የስዊፍት ኮዱን (ከውጭ ገንዘብ ሲላክ የባንኩን መለያ) ጠይቁ።

የቅጂ መብት የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው ነው። ተረቱ የሁሉም ነው፤ ማንም ሊሥለው ይችላል። የሣላችሁት ሥዕል ግን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ ይጠበቃል፤ ጥበቃውም የሠዓሊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ውሉ ዝም ካለ የኢኮኖሚ መብቱ ወደ አዛዡ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለምን ያህል ቅጂ፣ ለምን ያህል ዓመት፣ ለመጽሐፍ ብቻ ይሁን ለቲሸርትም፣ ዋናው ወረቀት ማን ዘንድ እንደሚቀር በግልጽ ይጻፍ።

ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ኤ4 ቅጂ ይዛችሁ ተረቱን ወደ ነገሯችሁ እናት ተመለሱ። “እሷ እኮ ጫማ የላትም” ቢሉ አርሙት፤ ለማረም ጊዜው ያኔ ነው። ስማቸው በመጽሐፉ እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ይወዳል፣ አንዳንዱ የመንደሩ ስም ይበቃል ይላል። ቅጂውን ስትሰጧቸው በወፍራም ላስቲክ የታሸገ ይሁን፣ የሚሰቀለውም ከምድጃው ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ፤ ጭሱ በአንድ ክረምት ቢጫ ያደርገዋል።